ጭምብል በአነስተኛ ወጪ የፊልም ሥራ ታሪክ

ጭምብል ሲባል አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ሰው ማንነቱን ለመሰወር በፊቱ ላይ የሚያጠልቀው መሸፈኛ ነው። በፊልም ሥራ ግን የሚሸፈነው የሰው ፊት ሳይሆን የካሜራው ዓይን ነው። ከምስሉ ክፈፍ አንዱ ክፍል ብርሃን እንዳይደርሰው በጥቁር ነገር ይጋረዳል፤ የቀረው ክፍል ይቀረጻል። ከዚያም ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠንና ቀድሞ የተጋረደው ይገለጣል፤ የተገለጠው ደግሞ በተራው ይጋረዳል፤ ሁለተኛው ቀረጻም በዚያው ፊልም ላይ ይሰፍራል። በዚህ አኳኋን በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ተገናኝተው የማያውቁ ነገሮች በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራውም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ስለ ሲኒማ ዘዴዎች ሲወራ ጭምብል ብዙውን ጊዜ የታላላቆቹ ስቱዲዮዎች ሀብት ተደርጎ ይቀርባል። ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ጭምብልን ያሳደጉት መድረክ ለመገንባት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ በቂ ብርሃን ያላገኙ፣ አንዳንዴም እግራቸው የተሰበረ ሰዎች ናቸው። ባለጸጎቹ ስቱዲዮዎች በገንዘባቸው የገዙት ጭምብሉን ራሱን ሳይሆን ሐሳብን የመለወጥና ውሳኔን የማዘግየት ዕድልን ነበር። ገንዘብ የሌለው ባለሙያ ይህ ዕድል ስላልነበረው የካሜራው እጀታ ከመዞሩ በፊት ሁሉን አስቦ መጨረስ ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘዴው ከሲኒማ በፊትም ነበረ። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው በትውልድ ስዊድናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኦስካር ሬይላንደር በ1857 «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የተባለውን ትልቅ ሥዕል መሰል ፎቶግራፍ ያዘጋጀው ከ30 በላይ የሆኑ ነጌቲቮችን በአንድ ወረቀት ላይ ተራ በተራ በማተም ነው። አንዱ ነጌቲቭ ሲታተም የቀረው የወረቀቱ ክፍል ብርሃን እንዳይነካው ይሸፈን ነበር። ያን ሁሉ ሰው በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ በዚያን ጊዜው ሌንስ ከቅርብ እስከ ሩቅ አጥርቶ፣ በአንድ ጊዜ ማንሣት አይቻልም ነበርና መፍትሔው ሰዎቹን በጥቂት በጥቂቱ አንሥቶ በኋላ ማገናኘት ሆነ።

በሲኒማ ይህን ዘዴ ከሁሉ አስቀድመው ካስፋፉት መካከል የፓሪሱ ምትሃተኛ ዦርዥ ሜልዬስ ዋነኛው ነው። ሜልዬስ የሮበር ኡዳን ቴአትር ባለቤት ነበር፤ በ1897 በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በሞንትሬይ ጣራና ግድግዳው መስተዋት የሆነ ስቱዲዮ አሠራ። ሥዕሉን የሚነድፈው፣ ድርሰቱን የሚያዘጋጀው፣ ዋናውን ክፍል የሚጫወተው ብዙውን ጊዜ እርሱ ራሱ ነበር። በ1898 በሠራው አጭር ፊልም አንድ ሰው የገዛ ራሱን እየነቀለ በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ በነቀለው ቁጥር ሌላ ራስ ይበቅልለታል፤ ሦስት ራሶች ከተደረደሩ በኋላ ሰውየው ባንጆ ይዞ ይጫወታል፤ ራሶቹም አብረው ይዘምራሉ። ዝማሬያቸው ሲያስጠላው በባንጆው ይመታቸዋል።

ይህ ሁሉ የተሠራው በጥቁር መጋረጃ ነው። ፊልም የሚለወጠው ብርሃን ሲነካው ብቻ ስለሆነ ፍጹም ጥቁር በሆነ ዳራ ፊት የተቀረጸ ፊልም ጥቁሩ ባለበት ስፍራ ሁሉ ምንም እንዳልተቀረጸበት ሆኖ ይቆያል። ተዋናዩ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከሸፈነ አካሉ ያለ ራስ ይቀረጻል፤ ፊልሙ ተመልሶ ሲጠነጠን ደግሞ አካሉ ተሸፍኖ ራሱ ብቻ በሚፈለገው ስፍራ ይቀረጻል። እዚህ ላይ ጭምብሉ ከሌንሱ ፊት የተቀመጠ ካርቶን ሳይሆን መድረኩ ራሱ ነው። ሜልዬስ በ1900 ይህንኑ ዘዴ ገፍቶ በአንድ ወንበር ረድፍ ላይ ሰባት ሙዚቀኞች ሆኖ ታየ፤ ሰባቱም እርሱ ራሱ ነበር። በ1901 በሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ የራሱ ራስ በወናፍ እየተነፋ እንደ ጎማ ሲያብጥ ይታያል። ይህን ለማድረግ ካሜራውን አልነካውም፤ እርሱ ራሱ በጋሪ ላይ ተቀምጦ በተዳፋት መንሸራተቻ ላይ ወደ ካሜራው ይሳብ ነበር። መንሸራተቻው ተዳፋት የሆነው ራሱ እየገዘፈ ሲሄድ የአንገቱ ጫፍ ከጠረጴዛው ላይ ሳይነሣ እንዲቆይ ነው። ይህች የተዳፋት ነገር ብቻዋን የሰውየውን አእምሮ ለመመስከር ትበቃለች።

ሜልዬስ በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ሥራ ጭንቅ ገልጾታል። ሰባት ጊዜ በካሜራው ውስጥ የሚያልፍ ፊልም በሰባተኛው ጊዜ ቢቀደድ የቀደሙት ስድስቱ አብረው ይጠፋሉ። ተዋናዩም በቀደመው ዙር በየሰከንዱ ምን እንዳደረገ፣ በየትኛው ስፍራ እንደቆመ ማስታወስ ይገባዋል። የዛሬ የቅንብር ባለሙያ ስሕተቱን በአንድ ጣት ይሽራል፤ የዚያን ዘመኑ ግን ሥራውን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ነበር።

በአሜሪካም ኤድዊን ፖርተር በ1903 «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» በተባለው ፊልሙ በቴሌግራፍ ቢሮው መስኮት በኩል ባቡር ሲገባ አሳይቷል። ቢሮው የመድረክ ግንባታ ነበር፤ ባቡሩ በሌላ ቀን በሌላ ስፍራ ተቀርጾ በመስኮቱ ቅርጽ ልክ ገባ። የመስኮት ክፈፍ ለጭምብል ምን ያህል ምቹ ጠርዝ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ታወቀ፤ ዛሬም ከዚያ የተሻለ አልተገኘም።

ኖርማን ዶውን የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ ነገሩን ወደ ሠዓሊው እጅ አመጣው። ዶውን በ1907 በካሊፎርኒያ የሚገኙ የጥንት የስፔን ሚሲዮኖችን ሲቀርጽ ሕንፃዎቹ ፈራርሰው አገኛቸው። የጎደለውን ጣራና ቅስት በመስተዋት ላይ ሥሎ መስተዋቱን በካሜራው ፊት አቆመ፤ ከካሜራው ሲታይ የተሣለው ጣራ በፈረሰው ግድግዳ ላይ ልክ ተቀምጦ ይታይ ነበር። ይህ ዘዴ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት፤ ሠዓሊው ሥዕሉን እስኪጨርስ ተዋናዮቹና ሠራተኞቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ፀሐይም በዚህ መካከል ጥላዋን ታዞራለች። የጥበቃውን ቀለብና ደመወዝ የሚከፍል ሰው የመስተዋቱን ርካሽነት ብዙም አያመሰግንም።

በ1911 ዶውን መፍትሔ አገኘለት። መስተዋቱ ላይ ሥዕል በመሣል ፈንታ የሚሣልበትን ስፍራ በጥቁር ቀለም ብቻ ሸፈነ። ትዕይንቱ ተቀረጸ፤ ፊልሙ ግን ሳይታጠብ በጨለማ ተቀመጠ። ከመጨረሻው ላይ ጥቂት ጫማ ርዝመት ያለው ቁራጭ ብቻ ተቆርጦ ታጠበ፤ ይህ ቁራጭ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ከበስተኋላው ብርሃን ሲሰጠው ምስሉ በሥዕል ሰሌዳው ላይ ያርፋል፤ ሠዓሊውም መስመሩን ተከትሎ የጎደለውን ይሥላል። የተቀረጸው ክፍል በሥዕሉ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም ያልታጠበው ፊልም እንደገና በካሜራው ውስጥ ገብቶ ሥዕሉ ብቻ ይቀረጽበታል። ሠዓሊው አሁን ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ ሳምንታት ቢወስድ የሚጠብቀው የለም። ሁለቱም ቀረጻዎች በአንድ ነጌቲቭ ላይ ስለሆኑ ምስሉ ጥራቱን አያጣም። የተቀመጡት የሙከራ ቁራጮች ግን ቁጥራቸው የተወሰነ ነው፤ እነርሱ ካለቁ በኋላ የሚቀረው ድፍረት ብቻ ነው።

በአነስተኛ መሣሪያ ትልቅ ውጤት በማምጣት በስተር ኪተን በ1921 በሠራው «ቴአትር ቤቱ» በተባለው አጭር ፊልም የተወዳደረው አለ ለማለት ያስቸግራል። ኪተን በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም ሲሠራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር፤ እንደ ልማዱ ከጣራ ጣራ መዝለል ስለማይችል በሩጫ ፈንታ የካሜራ ዘዴ ያለበት ታሪክ መረጠ። በሕልሙ የቴአትር ቤቱ ሙዚቀኛ፣ ተዋናይ፣ ተመልካች፣ ሽማግሌና ሕፃን ሁሉ እርሱ ራሱ ሆኖ ይታያል፤ በአንድ ቀረጻ ዘጠኝ ኪተኖች በመድረክ ላይ በተርታ ተቀምጠው ይታያሉ።

ለዚህ ሥራ ከሌንሱ ፊት ብርሃን የማያስገባ ሣጥን ተሠራ፤ በሣጥኑ ላይ ዘጠኝ ጠባብ መዝጊያዎች ነበሩ። አንዱ ሲከፈት ስምንቱ ይዘጋሉ። ኪተን በአንዱ ወንበር ላይ ተጫውቶ ሲጨርስ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፤ ልብሱን አስተካክሎ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል፤ ሁለተኛው መዝጊያ ይከፈታል። ፊልሙ በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ጊዜ በካሜራው ውስጥ አለፈ። የዚያን ጊዜ ካሜራ በሞተር ሳይሆን በእጅ የሚዞር ነበር። ስለዚህ የካሜራ ባለሙያው ኤልጂን ሌስሊ ዘጠኙንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ማዞር ነበረበት፤ በአንዱ ዙር ጥቂት ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ዘጠኙ ኪተኖች በአንድነት እግራቸውን ማንሣት አይችሉም። ኪተን የተዋናዩን እርምጃ በሙዚቃ ምት መጠነ፤ የሌስሊን ክንድ ግን የሚመጥን ነገር አልነበረም። ተመልካች የኪተንን ስም ይዞ ከአዳራሹ ይወጣል፤ የፊልሙ ሕይወት የተንጠለጠለው ግን ማንም በማያየው በአንድ ሰው የእጅ አንጓ ላይ ነበር። የዚህ ሙያ ዕጣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሥራው ፍጹም በሆነ መጠን ሠራተኛው ይሰወራል።

በጀርመን አገር ኦይገን ሹፍታን ጭምብልን በመስተዋት አዛመደው። የሹፍታን መስተዋት በካሜራው ፊት በ45 ዲግሪ ይጋደማል፤ በጎን በኩል የተቀመጠ ትንሽ ሞዴል ወይም ፎቶግራፍ በመስተዋቱ ውስጥ ይታያል፤ ተዋናዮቹ በሚገኙበት ስፍራ ግን የመስተዋቱ ብር ተፍቆ በጥርት ብርጭቆው በኩል በቀጥታ ይታያሉ። ሁለተኛ ቀረጻ አያስፈልግም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። ዘዴው በ1927 በወጣው በፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ፊልም የታወቀ ሆነ፤ ዋጋውን በሚገባ ያሳየው ግን «ሜትሮፖሊስ» ሳይሆን ወጣቱ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1929 በለንደን የሠራው «ብላክሜይል» ነው።

በዚህ ፊልም መጨረሻ ፖሊሶች አንዱን ሰው በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያሳድዱታል። በሙዚየሙ ውስጥ ለፊልም የሚበቃ ብርሃን አልነበረም። ሂችኮክ ግን ለቋሚ ፎቶግራፍ የብርሃን ማነስ ችግር እንደማይሆን ያውቅ ነበር፤ የሌንሱን ዓይን ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት አድርጎ መተው ይቻላል። የሙዚየሙ ዘጠኝ ፎቶግራፎች በዚህ ሁኔታ ተነሡ፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ማቴሪያል ላይ ታትመው ከበስተኋላቸው መብራት ተደረገላቸው፤ በመስተዋቱም ውስጥ እንዲታዩ ተደረገ። ስቱዲዮው ውስጥ የተገነባው ተዋናዩ የሚያልፍበት የበር ክፈፍና የመሳሰለው ጥቂት ነገር ብቻ ነበር፤ ብሩም የተፋቀው በዚያ ልክ ነው። የኩባንያው አለቆች ዘዴውን ስለማያውቁት እንዳይከለክሉት የፈራው ሂችኮክ ሥራውን በምሥጢር አካሄደ። አለቃው ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ ዘብ ነበረ፤ በአጠገቡም ሁለተኛ ካሜራ ቆሞ ደብዳቤ የሚቀርጽ መስሎ ይታይ ነበር። አለቆቹን ለማታለል የሚያስፈልገው ጭምብል ተመልካቹን ለማታለል ከሚያስፈልገው ባላነሰ ጥንቃቄ ተዘጋጀ ማለት ነው።

በዚህ መካከል ሆሊውድ በሌላ መንገድ ይጓዝ ነበር። ፍራንክ ዊሊያምስ በ1918 የፓተንት መብት ባገኘበት ዘዴ በጥቁር ዳራ ፊት የተቀረጸ ተዋናይ ጥላ መሰል ግልባጭ በፊልም ላይ ይወጣለታል፤ ይህም ጥላ ከተዋናዩ ጋር የሚንቀሳቀስ ጭምብል ይሆናል። ጆን ፉልተን በ1933 በወጣው «የማይታየው ሰው» ተዋናዩን በጥቁር ከፋይ ሸፍኖ በጥቁር ከፋይ ፊት ያቆመው በዚሁ መሠረት ነው። ላሪ በትለር በ1940 ለወጣው «የባግዳድ ሌባ» በቀለም ፊልም ላይ ሰማያዊ ዳራን ተጠቀመ፤ ፔትሮ ቭላሆስና ባልደረቦቹም በ1964 በወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» በሠሩበት የሶዲየም መብራት ዘዴ የአካዳሚ ሽልማት አገኙ። የሊንውድ ደን የኦፕቲካል ማተሚያ መሣሪያም እነዚህን ሁሉ ክፍሎች ከቀረጻ በኋላ ለማገናኘት አስቻለ። ተዋናዩ አሁን የጭምብሉን መስመር ሳይፈራ መሄድ ቻለ፤ ዳይሬክተሩም ዳራውን በኋላ ለመምረጥ ነፃነት አገኘ። ዋጋው ግን ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የላቦራቶሪው ሒሳብ ነው። ሌላው ምስሉ ከፊልም ወደ ፊልም በተገለበጠ ቁጥር ቅንጣቱ መጉላቱ፣ ቀለሙ መደብዘዙ፣ በተዋናዩ ጠጉር ዙሪያም ሰማያዊ ክር መሰል መስመር መቅረቱ ነው።

ሬይ ሃሪሃውዘን ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱንም መክፈል አይችልም ነበር። በ1949 በወጣው «ማይቲ ጆ ያንግ» ከመምህሩ ከዊሊስ ኦብራየን ጋር ሠርቷል። ኦብራየን አሻንጉሊት አውሬዎቹን የሚያንቀሳቅሰው በበርካታ የመስተዋት ላይ ሥዕሎችና በጥቃቅን ደኖች መካከል ነበር፤ ውጤቱ ያማረ፣ ወጪው ግን የከበደ ነበር። ሃሪሃውዘን በ1953 «ከ20,000 ፋተም ጥልቀት የወጣው አውሬ» የተባለውን ፊልም ሲረከብ የመላው ፊልም ወጪ 200,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበረ። ሠዓሊ መቅጠር አይታሰብም፤ ጥቃቅን ከተማ መገንባትም እንዲሁ።

ያገኘው መፍትሔ የሚከተለው ነው። እውነተኛው የኒው ዮርክ መንገድ ከነሰዎቹ ይቀረጻል። ይህ ፊልም በአንድ ትንሽ ስክሪን ላይ ከበስተጀርባ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬም ብቻ እንዲታይ ይደረጋል። ከስክሪኑ ፊት ጠረጴዛ ይቆማል፤ አሻንጉሊቱ አውሬ በጠረጴዛው ላይ ይቆማል። በጠረጴዛውና በካሜራው መካከል መስተዋት ይቀመጥና የጠረጴዛው ጠርዝ ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት መስመር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። አውሬው በየፍሬሙ ጥቂት ጥቂት እየተነካካ ይቀረጻል። ይህ ሲያልቅ ፊልሙ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፤ ጥቁሩ መስተዋት ይነሣና ላይኛውን ክፍል የሚሸፍን ሌላ መስተዋት ይተካል፤ የመንገዱም ፊልም ከመጀመሪያው ፍሬም እንደገና ይታያል፤ አሁን የሚቀረጸው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ጠረጴዛው ጠፋ፤ አውሬው በመንገዱ መካከል፣ ከፊቱ ከሚሮጡት ሰዎችና ከበስተኋላው ካሉት ሕንፃዎች መካከል ቆሞ ተገኘ። አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሊሠራው የሚችል ሥራ ነበር።

በ1955 ለወጣው ቀጣይ ፊልሙ ገንዘቡ ይበልጥ ጠባብ ስለነበር ሳን ፍራንሲስኮን የሚያጠቃውን ኦክቶፐስ በስምንት ክንድ ፈንታ በስድስት ክንድ ሠራው። ሁለት ክንድ መቅረቱ በየፍሬሙ የሚንቀሳቀስ ነገር መቀነሱ ነው፤ አውሬውም ክንዶቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከውኃ ስለማያወጣ ተመልካች ሊቆጥራቸው አይችልም። በ1958 ዘዴው «ዳይናሜሽን» የሚል የማስታወቂያ ስም ወጣለት። በ1963 በወጣው «ጄሰንና አርጎኖቶች» ሰባት አፅሞች ከሦስት ሰዎች ጋር የሚዋጉበት ትዕይንት አራት ወር ተኩል ፈጀ። ሰዎች የሚያደንቁት ብዙውን ጊዜ የአፅሞቹን ትዕይንት ነው፤ አድናቆቱም ይገባዋል። ለዚህ ሙያ የበለጠ ያስተማረው ግን በ1953 በጥቁር ቀለም የተሸፈነው የመስተዋቱ ግማሽ ነው።

ባለጸጎቹም ወደዚህ የድሃ ዘዴ የተመለሱበት ጊዜ አለ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ለወጣው «2001፦ የጠፈር ጉዞ» የሰማያዊ ዳራን የጥራት ጉድለት አልፈልግም በማለቱ የተቀረጹት ነጌቲቮች ሳይታጠቡ ተቀምጠው በኋላ ሌላው ክፍል በዚያው ላይ ተቀርጾባቸዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። ለሚንቀሳቀሱት ክፍሎችም ጭምብሎች በእጅ ተሥለዋል። ሠዓሊው አልበርት ዊትሎክም በ1974 ለወጣው «የመሬት መንቀጥቀጥ» የፈራረሰችውን ሎስ አንጀለስ የሠራው በዶውን መንገድ፣ ባልታጠበ ነጌቲቭ ላይ ነው።

በዚህ ዘመን ጭምብል መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ በግል ኮምፒዩተር የሚሠራ የቅንብር ባለሙያ በምስሉ ላይ ነጥቦችን አስቀምጦ መስመር ያገናኛል፤ ጠርዙን ያለሰልሳል፤ ካልወደደው ይሽረዋል። ፊልም አይቀደድም፤ ዘጠነኛው ዙር ስምንቱን አያጠፋም። ቀድሞ ስቱዲዮዎች ብቻ ይገዙት የነበረው ሐሳብን የመለወጥ ዕድል ለሁሉም የደረሰ ይመስላል። ነገር ግን ዋጋው ከገንዘብ ወደ ጊዜ ተለወጠ እንጂ አልቀረም። ተዋናይ የጭምብሉን መስመር አንድ ጊዜ በእጁ ቢያቋርጥ ያ እጅ በየፍሬሙ መከበብ አለበት፤ በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ በአሥር ሰከንድ 240 ፍሬም ነው። አስቀድሞ ያሰበ ሰው በአንድ ቋሚ መስመር የሚጨርሰውን ያላሰበ ሰው ሌሊቱን ሲከብ ያድራል።

አንድ ተዋናይ ከራሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ለማሳየት ዛሬም የሚያስፈልገው ኪተንን ያስፈለገው ነገር ነው። ካሜራው ከማቆሚያው ላይ በፀጉር ያህል እንኳ መነቃነቅ የለበትም፤ ማቆሚያው በአሸዋ ከረጢት ይጫናል፤ የእግሮቹም ስፍራ በወለሉ ላይ በኖራ ይመለከታል። ካሜራው ብርሃንንና ጥራትን በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ በሁለቱ ግማሾች መካከል ልዩነት ስለሚፈጥር ሁሉም በእጅ ይወሰናል። መስመሩ በባዶ ግድግዳ መካከል ሳይሆን በበር መቃን፣ በምሰሶ ወይም በመጋረጃ እጥፋት ላይ እንዲያልፍ ጠረጴዛው ይገፋል። የአንዱ ጥላ ወደ ሌላው ግማሽ እንዳይሻገር መብራቱ ወደ ጎን ይወሰዳል። በመስኮት በኩል የቀን ብርሃን የሚገባ ከሆነ ደመና ሳይመጣ ሁለቱም ቀረጻዎች በተከታታይ ማለቅ አለባቸው። ተዋናዩም ልብስ ለመለወጥ ሲነሣ በጠረጴዛው መካከል፣ በመስመሩ ላይ የተቀመጠውን የስኳር ዕቃ እንዳይነካ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል።